ፊት ለፊት ከመቀመጥ በፊት፦ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃትና ስለ ተሐድሷዊ ፍትሕ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፦ በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ተሐድሷዊ ፍትሕን መጠቀም ይቻላል ወይ? ከተቻለስ እንዴት? ተሐድሷዊ ፍትሕ የሚባለው ጉዳት የደረሰበት ሰውና ጉዳቱን ያደረሰው፣ ከሚመለከታቸው ሌሎች ሰዎች ጋር ሆነው፣ በሠለጠነ አመቻች አማካይነት ስለ ጉዳቱና ስለ ካሳው በፈቃዳቸው የሚነጋገሩበት ሂደት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊገልጥ የሚችል ነገርም አስቀርተናል። በመልሶቻችን ተጎጂዋን «እሷ»፣ ጥቃት አድራሹን «እሱ» ያልነው ከባዱ ጥቃት በአብዛኛው በዚህ መልክ ስለሚፈጸም ነው። ተጎጂው ወንድ ሲሆንም ጥንቃቄው አይለወጥም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ለዓመታት ሲመታኝ ኖሯል። ከተለያየን ወራት አልፈዋል፤ የወንጀል ክሱ ገና በፍርድ ቤት ነው። አሁን «ተሐድሷዊ ፍትሕ የሚባል አሠራር አለ፣ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ» የሚሉኝ ዘመዶች በዝተዋል። እውነት ለመናገር ዓይኑን እያየሁ የምጠይቀው ነገር አለኝ። ነገር ግን ወደ እሱ መመለሻ ማግባቢያ እንዳይሆንብኝ ፈርቻለሁ። እምቢ ብልስ?

መልስ፦ እህታችን፣ እምቢ ማለት ይችላሉ። ምክንያትዎን ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብዎትም፤ እምቢታዎም በክሱ ላይ ምንም ሊለውጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2002 በተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማኅበራዊ ምክር ቤት ውሳኔ ላይ የሰፈሩት መሠረታዊ መርሆዎች ሂደቱ በሁለቱም ወገኖች ነጻ ፈቃድ ብቻ እንዲጀመር፣ ከተጀመረ በኋላም ማንኛቸውም በፈለጉት ጊዜ ማቋረጥ እንዲችሉ ያዝዛሉ። የአውሮፓ ምክር ቤት የኢስታንቡል ስምምነት አንቀጽ 48 ደግሞ፣ በሴቶች ላይ በሚፈጸም ጥቃት የግዴታ ማስማማትና ማስታረቅን አባል አገሮች እንዲከለክሉ ያስገድዳል።

ፍርሃትዎ መሠረት አለው። በተሐድሷዊ ፍትሕ ስም የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ተራ ማስታረቅ ነውና። ሁለቱን ከመጀመሪያው ጥያቄ መለየት ይቻላል። ማስታረቅ «ምን አጣላችሁ?» ብሎ ይጀምራል። ይህ ጥያቄ ጉዳዩን የሁለት እኩል ሰዎች ጠብ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት እንዲተዉ ይጠይቃል፤ ማብቂያውም አብሮ መኖርና ክስ ማንሣት ይሆናል። ተሐድሷዊ ፍትሕ ግን «ማን ምን አደረገ? ማን ተጎዳ? የተጎዳችው ምን ያስፈልጋታል? ያንን የማድረግ ግዴታ ያለበትስ ማን ነው?» ብሎ ይነሣል። ጥፋቱን ለሁለት አያካፍልም። ትዳሩ ይቀጥል አይቀጥል የውይይቱ ርእስ አይደለም። «ይቅር በይው» የሚል አመቻች ከገጠመዎት የያዘው ሥራ ሌላ ነውና ተነሥተው ይውጡ።

ለሚጋብዝዎት ሰው አራት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ የሚመራው ማን ነው? በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ የተለየ ሥልጠናስ አለው? ሁለተኛ፣ በእኔ ላይ ያለውን አደጋ የገመገመው ማን ነው፤ መቼ፤ በምን መመዘኛ? ሦስተኛ፣ እሱ እስካሁን ምን ምን አድርጌያለሁ ብሎ አመነ? አራተኛ፣ መሃል ላይ ባቆም ምን ይከተላል? ለመጨረሻው ትክክለኛው መልስ «ምንም» ነው። ዘመዶችዎ ለአራቱም መልስ ከሌላቸው የሚያቀርቡልዎት ነገር ገና ለመቀበል የደረሰ አይደለም።

ፊት ለፊት መጠየቅ የሚፈልጉት ነገር መኖሩ ደግሞ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ፍርድ ቤት የሚጠይቅዎት ለክሱ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ «ለምን በልጆቹ ፊት?» የሚለው ጥያቄዎ እዚያ ቦታ ላያገኝ ይችላል። ያን ለመጠየቅ ግን የግድ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለብዎትም። ጥያቄዎችዎን ጽፈው በአመቻቹ በኩል መላክ፣ ድምፅዎን ቀድተው ማሰማት፣ በተለያየ ክፍል ሆነው አመቻቹ እንዲመላለስ ማድረግ፣ ወይም እርስዎን የሚወክል ሰው መላክ ይቻላል።

እሱ እንዳይቀርብዎት የሚያግድ የጥበቃ ትእዛዝ ካለ፣ የእርስዎ ፈቃድ ብቻውን ትእዛዙን አያነሣውም። የሰጠው ፍርድ ቤት ካላሻሻለው በቀር በአካል መገናኘት እሱን ትእዛዝ አፍራሽ ያደርገዋል። አንድም እርምጃ ከመውሰድዎ በፊት ጠበቃዎን ወይም ዐቃቤ ሕጉን ያማክሩ።

ጥያቄ፦ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ነኝ። ድርጅታችን እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን መቀበል ሊጀምር ነው። የትኛውን ጉዳይ እንቀበል፣ የትኛውን እንመልስ? ቅደም ተከተሉንና በተግባር የሚበላሸውን በዝርዝር ብትነግሩን።

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ራሱ የጥበቃው አካል ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። በመጀመሪያ የምታነጋግሩት እሷን ነው፤ ለብቻዋ። እሱ ቀድሞ ሰምቶ እሺ ካለ፣ እሷ እምቢ ስትል «እኔማ ፈቅጄ ነበር፣ ያበላሸችው እሷ ናት» የሚልበት አዲስ መጫኛ ታገኙለታላችሁ። ከመደወላችሁ በፊት ስልኩን ማን ሊያነሣው፣ መልእክቱን ማን ሊያነበው እንደሚችል አስቡ። በመጀመሪያው ንግግር አደጋ የሌለበትን ሰዓትና ቁጥር፣ ሌላ ሰው ቢያነሣ ምን እንደምትሉም ተስማሙ። ስልኳ የሚፈተሽባት ወይም ያለችበት ቦታ በስልኳ የሚታወቅባት ሴት ብዙ ናት።

ቀጥሎ የአደጋ ግምገማ ነው። እዚህ ላይ አብዛኛው ጀማሪ ይሳሳታል፤ ወደ ፖሊስ ያደረሰውን አንድ ቀን ብቻ ይመረምራል። የቤት ውስጥ ጥቃት ግን በአንድ ቀን አይለካም። ገንዘቡን ማን ይይዛል? ከቤት ስትወጣ ለማን ታስታውቃለች? ከወዳጅ ዘመድ ጋር የነበራት ግንኙነት እንዴት ቀነሰ? ምን ብታደርግ ይቆጣል? ሳይመታት ቢከርም እንኳ ኑሮዋን ሁሉ እሱን እንዳታስቆጣ እያሰላች የምትኖር ከሆነ፣ የተገኘው አስገዳጅ ቁጥጥር ነው፤ ከአንድ ጥፊም ይከብዳል።

በጽሑፍ የተዘጋጀ መመዘኛ ተጠቀሙ። የነርሲንግ ተመራማሪዋ ጃክሊን ካምፕቤል እ.ኤ.አ. በ1985 ያዘጋጀችው፣ አሁን 20 ጥያቄዎች ያሉት የአደጋ መለኪያ በብዙ አገሮች ሥራ ላይ ነው። በተለይ የሚፈለጉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ መታነቅ፣ መሣሪያ መያዝ ወይም በመሣሪያ ማስፈራራት፣ «እገድልሻለሁ» ወይም «ራሴን አጠፋለሁ» ማለት፣ እየተከታተሉ ማሸበር፣ አስገድዶ መድፈር፣ በእርግዝና ጊዜ መምታት፣ የጥበቃ ትእዛዝ መጣስ፣ ጥቃቱ እየበዛና እየከበደ መምጣቱ፣ የቅርብ ጊዜ መለያየት።

ከእነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ችላ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ አጋራቸው አንቋቸው የተረፉ ሴቶች ኋላ ላይ የመገደል ዕድላቸው ጥቃት ደርሶባቸው ካልታነቁት በ7 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። መታነቅ ብዙ ጊዜ ቆዳ ላይ ምልክት አይተውም። ስለዚህ «ታንቀሽ ታውቂያለሽ?» ከማለት «አንገትሽን ይዞሽ ያውቃል? ትንፋሽ አጥሮሽ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ድምፅዋ ከጎረነነ፣ ለመዋጥ ከተቸገረች፣ ራሷን ስታ ወይም ሽንት አምልጧት ከነበረ፣ ቀናት ያለፉት ቢሆን እንኳ ሆስፒታል ትሂድ፤ የአንገት ደም ሥር ተጎድቶ በኋላ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ሁለተኛው መለያየት ነው። በ11 የአሜሪካ ከተሞች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጥናት፣ እጅግ ተቆጣጣሪ ከሆነ አጋር መለየት የመገደልን ዕድል ወደ 9 እጥፍ እንደሚያደርሰው አግኝቷል። «አሁን ተለያይተዋል፣ አደጋው አልፏል» ብሎ ጉዳዩን መቀበል እንግዲህ የተገላቢጦሽ ነው። ከእነዚህ ከባድ ምልክቶች አንዱም ከተገኘ ፊት ለፊት ማገናኘት የለም። ሥራው የደኅንነት ዕቅድ፣ መጠለያና ሕግ ይሆናል።

ግምገማውን ያለፈ ጉዳይ ሲሆን ወደ እሱ ትሄዳላችሁ። የምትፈትሹት ጥፋቱን ማመኑን ነው። «ተጣላን»፣ «እጄ አመለጠኝ»፣ «እሷም ዝም አትልም» ማመን አይባልም። «በዚያ ምሽት በሩን ቆልፌ፣ ፀጉሯን ይዤ፣ ፊቷን ሁለት ጊዜ መታኋት» ሲል መጀመሪያውን አግኝታችኋል። ሁሉንም ዝርዝር ባያምንም መሠረታዊውን ፍሬ ነገር ካላመነ፣ ስብሰባው እሷን እንደገና ምስክርነት ማስሰጠት ይሆናልና አትቀጥሉ።

ከዚያ ዝግጅት ነው፤ ትልቁም ሥራ ይኸው ነው። ከእያንዳንዳቸው ጋር ለየብቻ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተገናኙ፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ጉዳይ ይበዛል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ከእሷ ጋር ስትሆኑ አንድ ጥያቄ እንዳይቀር፦ «ሌላ ሰው የማያውቀው፣ አንቺን ብቻ የሚያስፈራሽ ምልክቱ ምንድን ነው?» አንዱ ይገላምጣል፤ አንዱ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ ሌላው በሰው ፊት በቁልምጫ ስም ሲጠራት «ቤት እንገናኛለን» ማለቱ ነው። ይህን ያልጠየቀ አመቻች ዛቻ በዓይኑ ፊት ሲፈጸም አያየውም። ካወቃችሁ ግን ምልክቱ በታየበት ቅጽበት ታቆማላችሁ።

አመቻቾች ሁለት ይሁኑ። በኦስትሪያ ለአጋር ጥቃት የሚሠራበት ዘዴ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አመቻቾችን ያሰልፋል፤ ሴቷ ከተጎጂዋ ጋር፣ ወንዱ ከጥቃት አድራሹ ጋር ለብቻ ለብቻ ይነጋገራሉ። አራቱ ሲገናኙ ሁለቱ አመቻቾች የሰሙትን እርስ በርስ ይተራረካሉ፤ ባለጉዳዮቹም የራሳቸውን ታሪክ ከሌላ ሰው አፍ ያደምጣሉ፤ የተሳሳተውን ያርማሉ። ለእሷ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ከባዱን ነገር በእሱ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገረው እሷ አይደለችም። ከአመቻቾቹ ሌላ የእሷ ብቻ የሆነች የድጋፍ ሠራተኛ ያስፈልጋል። እሱም የባህርይ ለውጥ መርሐ ግብር ቢከታተል ይበጃል፤ ንግግሩ ብቻውን ልማዱን አያስለቅቀውም።

ስለ ቦታው፦ እሷ ቀድማ ገብታ ቦታዋን ትምረጥ፤ ወንበሯ ለበሩ የቀረበ ይሁን። የሁለቱ መምጫ ሰዓት ይለያይ፤ መቆያ ክፍላቸውም እንዲሁ። ወንበሮቹን በቀጥታ ትይዩ አታድርጓቸው፤ ሳትፈልግ ዓይን ለዓይን እንዳይጋጠሙ ነው። ለማቆም የምትጠቀምበትን ቃል ወይም የእጅ ምልክት አስቀድማችሁ ወስኑ። ሲያልቅ እሷ ቀድማ ትውጣ፤ እሱን ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በሥራ ያዙት፤ ማን እንደሚሸኛትም ከዋዜማው የታወቀ ይሁን። የመጀመሪያው ምሽት በጣም ስለሚያስፈራ በዚያው ቀን ማታ፣ በማግስቱና ከሳምንት በኋላ ለእሷ ደውሉ።

የሚበላሸው የት ነው? ከሁሉ በላይ ጥድፊያ ነው፤ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ደርሷል ተብሎ ዝግጅቱ ይቆረጣል። የእሱ ደጋፊዎች አምስት፣ የእሷ አንድ ሆነው የሚቀመጡበትም ጊዜ አለ። ደግሞ «ገለልተኛ ነኝ» የሚል አመቻች አለ፦ ለሁለቱም እኩል አክብሮት መስጠት ተገቢ ነው፤ በጥቃቱ ላይ ገለልተኛ መሆን ግን እሱን መደገፍ ነው።

ጥያቄ፦ በሴቶች መብት ላይ የምሠራ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ጥቃት ወንጀል ነው ለማስባል ብዙ ዓመት ታግለናል። ይህ አሠራር ወደ ጓዳ አይመልሰንም? ውጤት አለው የሚያሰኝስ ምን ማስረጃ አለ?

መልስ፦ ስጋትዎን የሴቶችን መድልዎ የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴም ይጋራዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው 33ኛ አጠቃላይ ምክረ ሐሳብ እንዲህ ያሉ ጉዳዮች በምንም ሁኔታ ወደ አማራጭ የሙግት መፍቻ፣ ማለትም ከፍርድ ቤት ውጭ ወደሚደረግ እንደ ማስታረቅ ያለ አሠራር፣ እንዳይመሩ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ35ኛው ላይ አገላለጹን አስተካከለ፦ በግዴታ እንዳይመሩ፣ ጥብቅ ቁጥጥር እንዲኖር፣ ልዩ ሥልጠና ያለው ቡድን አስቀድሞ ገምግሞ የተጎጂዋን ነጻ ፈቃድና የቀጣይ አደጋ ምልክት አለመኖሩን ካረጋገጠ ብቻ እንዲፈቀድ። እኛም የምንቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ክሱን የሚተካ ከሆነ እንቃወመዋለን፤ ከክሱ ጎን ወይም ከፍርድ በኋላ ከሆነ ግን ተጎጂዋ ልትጠቀምበት መብቷ ነው። ይህን በር መዝጋት ለእሷ ሌላ ሰው እንዲወስንላት ማድረግ ነው።

ስለ ማስረጃው፦ በካናዳ ኒውፋውንድላንድና ላብራዶር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በ32 ቤተሰቦች ላይ የተሞከረው የቤተሰብ ጉባኤ (ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ጥቃቱ የሚቆምበትን ዕቅድ የሚያወጣበት ስብሰባ)፣ በንጽጽር ከተያዙት ቤተሰቦች ጋር ሲታይ የጥቃትና የልጅ አያያዝ ጉድለት ምልክቶችን እንደቀነሰ ታይቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው። በአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ በዕጣ በተመደቡ ጥፋተኞች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ደግሞ፣ የተለመደው የባህርይ ለውጥ ሥልጠና ከተሐድሷዊ ክበብ (ጥፋተኛው ከሌሎች ሰዎች ጋር ተቀምጦ ስለ ጥፋቱ የሚነጋገርበት ስብሰባ) ጋር ሲጣመር በ24 ወራት ውስጥ ዳግም መታሰር ሥልጠናውን ብቻ ከወሰዱት በ53 በመቶ እንዳነሰ አግኝቷል። ያ ክበብ ተጎጂዋ ሳትገኝም የሚካሄድ እንደነበር ግን ልብ ይሏል፤ ሁለቱን ለማገናኘት ማስረጃ አድርገው አይጥቀሱት። ዳግም መታሰርም የሚለካው ፖሊስ የደረሰበትን ብቻ ነው። ዋና ከተማዋ ካንቤራ ያለችበት የአውስትራሊያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውን የተሐድሷዊ ፍትሕ ሕግ ለቤት ውስጥና ለጾታዊ ጥቃት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ወደ 14 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሌሎች ወንጀሎች ከሠራበት በኋላ። ለአዲስ ጀማሪዎች ይህ ቅደም ተከተል ጥሩ ምክር ይመስለናል።

ጥያቄ፦ ሚስቴን መትቻለሁ። አሁን ተለያይተናል፤ ሥልጠና እየተከታተልኩ ነው። ከልቤ ተጸጽቻለሁ። ይቅርታ የምጠይቅበት ደብዳቤ ልላክላት?

መልስ፦ ወንድማችን፣ አይላኩ። ጸጸትዎን አንጠራጠርም። ነገር ግን ሳትጠብቀው በእጅዎ ጽሕፈት የመጣ ወረቀት ለእሷ «የት እንዳለሽ አውቃለሁ» የሚል ሊሆን ይችላል። ከጥቃት በኋላ የሚመጣ ይቅርታም ለእሷ አዲስ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ዱላ ማግስት ሳትሰማው አትቀርም። የጥበቃ ትእዛዝ ካለ ደግሞ መላኩ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ይጻፉት፤ ግን ለአመቻቹ ወይም ለአሠልጣኝዎ ይስጡት፤ እሷ ጠይቃ ካልተቀበለች እዚያው ይቅር። ሲጽፉ ያደረጉትን በግስ ይጥሩት፦ መታሁ፣ ሰደብኩ፣ ስልክሽን ሰበርኩ፣ ደመወዝሽን ያዝኩ። «ያ የሆነው ነገር» አይበሉ። ቀጥሎ በእሷና በልጆቹ ላይ ምን እንዳስከተለ ይጻፉ፤ ያልገባዎትን ግን በግምት አይሙሉት። ሦስተኛ፣ ውሳኔው የእርስዎ እንደነበር ይመኑ፤ መጠጥ፣ ድካም፣ የሥራ ጭንቀት፣ የእሷ ንግግር አይግቡበት። በጠጡ ጊዜ ሁሉ አለቃዎን አልመቱምና። አራተኛ፣ አሁን እያደረጉ ያሉትን ያስፍሩ፤ የትኛውን ሥልጠና፣ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ማን ሊያረጋግጥ እንደሚችል። «ግን» የሚለው ቃል ካለበት ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ይጻፉት። በመጨረሻ «ይቅር በይኝ» ብለው አይለምኑ፤ ልመናው እሷን ባለዕዳ ያደርጋታል። «መልስ አልጠብቅም» ብለው ይጨርሱ፤ አይጠብቁም።

ክሱ ያልተዘጋ ከሆነ ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። በመጀመሪያው መልስ የጠቀስናቸው የተባበሩት መንግሥታት መርሆዎች በሂደቱ መሳተፍ በክስ ላይ እንደ እምነት ቃል እንዳይቀርብ ይላሉ፤ ምን ያህል ጥበቃ እንደሚያገኝ ግን የየአገሩ ሕግ ይወስናል።

ጥያቄ፦ እኅቴን ይመታት የነበረው ባሏ በስብሰባው ላይ «ከእንግዲህ እጄን አላነሣም፣ በፍቅር እንኖራለን» የሚል ስምምነት ፈረመ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ቃል ነው። «አልመታም» የሚለው ድሮም ሕጉ የሚያዝዘው ነው፤ በስምምነት የሚገኝ አዲስ ነገር አይደለም። «በፍቅር እንኖራለን» የሚለውማ እሷንም ግዴታ ውስጥ ይከታታል፤ መልቀቅ ብትፈልግ ስምምነት አፍራሽ ትባላለች።

የሚሠራ ስምምነት እያንዳንዱ ነጥብ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ ማን እንደሚያረጋግጥ የሚመልስ ነው። ለምሳሌ፦ «መርሐ ግብሩን እስከ መጨረሻው ይከታተላል፤ የመገኘት ማረጋገጫውን አሠልጣኙ በየወሩ ለአመቻቹ ይልካል። የሰበረውን ስልክና የከፈለችውን የሕክምና ወጪ በሦስት ጊዜ ክፍያ፣ በአመቻቹ በኩል ይከፍላል። ወደ ሥራ ቦታዋና ወደ እናቷ ቤት አይሄድም። መናገር የሚፈልገውን ከአመቻቹ በቀር በማንም በኩል አይልክም፤ በልጆቹም በኩል ቢሆን።» ግዴታው ሁሉ በእሱ ላይ መሆኑን ያስተውሉ። ክስ ማንሣት፣ አብሮ መኖር፣ የልጆች አስተዳደግና የንብረት ክፍፍል እዚህ ውስጥ አይግቡ፤ በፍርሃት የተገኘ ፊርማ በቀላሉ የሚሾልከው በእነዚህ በኩል ነው። ከመፈረሟ በፊት ለብቻዋ የምታነብበት ቢያንስ ጥቂት ቀን ይሰጣት።

ክትትሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከዚያ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜም ለየብቻ፣ እሷን አስቀድሞ። የተጣሰ እንደሆነ የሚደረገው በስምምነቱ ላይ ይጻፍ። ሥልጠና መቅረትና ክፍያ ማዘግየት ለአመቻቹና ጉዳዩን ለመራው አካል ይነገራል። አዲስ ጥቃት ወይም ዛቻ ግን የስምምነት መጣስ ተብሎ አይመከርበትም፤ አዲስ ወንጀል ነው፣ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ለእኅትዎ ዛሬ ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ፦ ለብቻዋ ሆና የአደጋ ግምገማ የሚያደርግላት ባለሙያ ያገናኟት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሚስቱን መትቶ እንዲህ ያለ ሂደት ሊጀምር ነው። ደጋፊው ሆኜ እንድቀመጥ ጠይቆኛል። ምን ይጠበቅብኛል?

መልስ፦ እሱን መከላከል አይደለም። እየወደዱት ያደረገውን ማሳነስ የማይፈልግ ሰው ነው የሚፈለገው። ለምሳሌ «ልጅ ሆኖም ደግ ነበር» የሚለው ምስክርነት ለእሷ «አላምንሽም» ማለት ነው። እሱ ሰበብ ሲጀምር «ወንድሜ፣ ያደረግከውን ተናገር» ማለት የሚችሉ ከሆነ ይግቡ፤ ካልቻሉ ይተዉት፤ ነውርም የለበትም። ትልቁ ሥራዎ ከስብሰባው በኋላ ነው፦ ሥልጠናውን እንዳያቋርጥ መከታተል፣ ሲቆጣ የሚያድርበት ቤት መስጠት፣ ስለ እሷ ወሬ አለማቀበል። ይጥሳል ብለው ከሠጉ ለማን እንደሚደውሉ ከአመቻቹ ቀድመው ይወቁ።

ጥያቄ፦ የ11 ዓመቱ ልጃችን ሁሉን አይቷል። ስብሰባው ላይ ይገኝ?

መልስ፦ ወላጆቹ በሚገናኙበት ክፍል ውስጥ አይገኝ። አንዱን ቢደግፍ ሌላውን የሚያጣ ይመስለዋል፤ ማታ ደግሞ ከሁለቱ ከአንዱ ጋር ይገባል። ድምፁ ግን ሊሰማ ይገባል። በሕፃናት ላይ የሠለጠነ ባለሙያ ለብቻው ያነጋግረው፤ የሚፈልገውን በደብዳቤ ወይም በሥዕል ያውጣ፤ የትኛው ይነበብ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ራሱ ይምረጥ። የተናገረው በአሳዳጊነት ክርክር ላይ ማስረጃ ተደርጎ እንዳይቀርብ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ሙሉ ተዘጋጀሁ። ቀኑ ሲቀርብ እንቅልፍ አጣሁና ተውኩት። አመቻቾቹን አደከምኩ፤ የእኔም ጊዜ ባከነ። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማቆም ከሂደቱ ውጤቶች አንዱ ነው፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር የለውም። በጥሩ ሁኔታ ከሚመሩ ጉዳዮችም ብዙዎቹ ያለ ስብሰባ ያበቃሉ። የተዘጋጀው የደኅንነት ዕቅድ ስለሚያስፈልግዎት ይዘውት ይቀጥሉ። ቁልፍ፣ ስልክና የመውጫ መንገድ ተለውጦ ከሆነ ዕቅዱንም ያድሱት። እንዲነገረው የሚፈልጉት ነገር ካለ አመቻቹ ለብቻው ሊያደርስልዎት ይችላል፤ ከዓመት በኋላ ሐሳብዎ ቢለወጥም በሩ እንዳልተዘጋ ይጠይቁ።

ማቋረጥዎን ለእሱ የሚነግረው አመቻቹ ይሁን፤ «ሂደቱ አይቀጥልም» ከማለት ያለፈ ምክንያት አይሰጠው። ከመነገሩ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ያሳውቁዎት፤ በዚያን ዕለት የት እንደሚያድሩና ከማን ጋር እንደሚሆኑ አስቀድመው ይወስኑ። በተረፈ፣ በዝግጅቱ ወቅት የተናገሩት በማስታወሻ ተይዟልና ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ማየት እንደሚችልና መቼ እንደሚጠፋ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጡዎት ይጠይቁ።